አስቤዛ ከሱፐርማርኬት ሲገዙ፦ ገንዘብዎንም ጤናዎንም የማይጎዳ ምርጫ

ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሱፐርማርኬት ገብተው ቅርጫትዎን ሞልተው ይወጣሉ። ቤት ደርሰው ዕቃውን ሲያወጡ ግን ለነገ ምሳ የሚሆን ነገር ያጣሉ። ብስኩት አለ፣ ጁስ አለ፣ ኮርንፍሌክስ አለ፣ የልጆቹ ቺፕስ አለ። ወጥ የሚሆነው የቱ ነው? በዚህ ዓይነት ሸመታ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያ ከማዕድ የሚቀሩት እንቁላል፣ ወተትና አትክልት ናቸው። ጉዳቱ የሚብሰው ደግሞ በማደግ ላይ ባሉ ልጆች፣ በነፍሰ ጡሮች እንዲሁም ደም ግፊት ወይም ስኳር ባለባቸው የቤተሰብ አባላት ላይ ነው።

ስለዚህ አንድን ዕቃ ከመደርደሪያው ሲያነሡ ዋጋውን ብቻ አይዩ፤ «ይህ ስንት ምግብ ይሆነኛል?» ብለው ይጠይቁ።

ጥራጥሬ፦ ከሁሉም የሚያዋጣው መደርደሪያ

ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ በአንድ ጊዜ ፕሮቲን፣ ፋይበር፣ አይረንና ፎሌት የሚሰጡ ምግቦች ናቸው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ያህል ነው። እንቁላል ጥሩ አይደለም ለማለት ሳይሆን፣ ብር ሲያጥር ፕሮቲን የግድ ከሥጋ ቤት መምጣት እንደሌለበት ለማሳየት ነው።

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው ባቄላና ሽምብራ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። 400 ግራም ከሚለው ቆርቆሮ ውስጥ ፈሳሹ ሲጠነፍፍ የሚቀረው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 240 ግራም ገደማ ነው። ደረቅ ጥራጥሬ በአንጻሩ ሲበስል ክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ወደ ዘጠኝ ቆርቆሮ ይተካል። ሂሳቡን እዚያው ቆመው በስልክዎ ይሥሩት። ማገዶው ወይም መብራቱ የሚያሳስብዎት ከሆነ ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀቅለው ለሁለት ለሦስት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ደግሞ ምክንያት የለውም። የቆርቆሮውን ከገዙም ፍሬውን በውሃ አለቅልቀው ይጠቀሙ፤ ከጨው ጥቂቱ አብሮ ይወርዳል። ያበጠ፣ የዛገ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የተጎዳ ቆርቆሮ በቅናሽም ቢሆን አይግዙ።

ቀይ ቦሎቄ ላይ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥሬው ወይም በደንብ ያልበሰለው ፍሬ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ የሚያስከትል ተፈጥሯዊ መርዝ አለው። ዘፍዝፈው ካሳደሩት በኋላ ውሃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ እየተንተከተከ ይፍላ፣ ከዚያ እስኪበስል ይቀቅሉት። ምስር ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ለቅሞ ማጠብ ብቻ ይበቃል።

በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን በሥጋ ውስጥ እንዳለው በቀላሉ አይወስደውም። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፦ ምግቡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ አብሮ መብላት። ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲመጠጥ ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ስለሚያግዱት ምግብ እንደተበላ ወዲያው ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይሻላል። የደም ማነስ ያለባት እናት ወይም ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የፊቱን ሳይሆን የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ

የማሸጊያው ፊት ማስታወቂያ ነው። ለምሳሌ የምግብ ዘይት ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ ያያሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ጽሑፍ ተጨማሪ ብር መክፈል ዋጋ የለውም። ለልብ ጤና የሚለያቸው ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋ ቅባት መጠን ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ቅባት ነው፤ የሱፍ ዘይት ግን አንድ አሥረኛ ገደማ። የሱፉ ዋጋ ከአቅም በላይ ከሆነ ያለውን ዘይት መጠን መቀነስ ራሱ ይጠቅማል። ሽንኩርቱን በጥቂት ውሃ ካቁላሉት በኋላ ዘይቱን መጨመር ፍጆታውን በግልጽ ይቀንሰዋል።

በጀርባው ላይ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ከሚበዛው ወደሚያንሰው ተደርድሮ ይጻፋል። «የቡናማ ዳቦ» ገዝተው ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ነጭ የስንዴ ዱቄት ከሆነ፣ መልኩ ከማቅለሚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በርካሽ የሚሸጥ የዱቄት ወተት ላይ የአትክልት ስብና ግሉኮስ ሲረፕ ቀድመው ከተጻፉ ያ ለሻይ ማንጫ የተሠራ ዱቄት እንጂ ወተት አይደለም። ለልጅ ወተት ብለው የሚገዙ ከሆነ ይህን በተለይ ይመልከቱ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ተራ የዱቄት ወተትም ሆነ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት የእናት ጡትን ምትክ ሊሆን አይችልም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ብቻ ከሆነ ሻጩን ወይም የተማረ ልጅዎን ያስነብቡ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ወደ ኪሎ ይመልሱት። እንበልና አንዱ ፓስታ 500 ግራም ሆኖ 70 ብር፣ ሌላው 400 ግራም ሆኖ 62 ብር ነው። ሁለተኛው የረከሰ ይመስላል፤ በኪሎ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 140፣ ሁለተኛው 155 ብር ነው። ዘይት ላይም አንድ ሊትር የሚመስለው ዕቃ 900 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፉን ማየትዎንም አይርሱ።

ጨው

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ቤትዎ ውስጥ ያለውን ልክ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ አራት አዋቂዎች ባሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 50 ቀን መቆየት አለበት። ከዚያ በፊት ካለቀ በዝቷል። ያውም በዳቦ፣ በሳልሳና በታሸጉ ምግቦች በኩል የሚገባው ሳይቆጠር ነው። በኩብ መልክ የሚሸጠው የሾርባ ማጣፈጫ አብዛኛው ጨው ስለሆነ እሱን የሚጠቀሙ ከሆነ ሌላ ጨው አይጨምሩ። በማሸጊያው ላይ «ሶዲየም» ብቻ ተጽፎ ካገኙ በ2.5 ሲያባዙት የጨው መጠኑን ይሰጥዎታል።

የሚገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። እንቅርትን ይከላከላል፤ ለጽንስና ለሕፃናት የአእምሮ ዕድገትም አስፈላጊ ነው። በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ከሱፐርማርኬት የማይገዛ

ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ካሮት አብዛኛውን ጊዜ ጉልት ላይ ይረክሳሉ፣ ብዙ ጊዜም ትኩስ ናቸው። ለቁርስ ኮርንፍሌክስ ከመግዛት አጃ ገዝቶ አጥሚት ወይም ገንፎ መሥራት ይሻላል፤ ስኳሩን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሞርታዴላና ሶሴጅ ለልጆች የትምህርት ቤት ምሳ መለመዳቸው ያሳዝናል። ጨዋቸው ብዙ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር መድቧቸዋል። በዚያው ገንዘብ እንቁላል ቢቀቅሉላቸው ወይም አልፎ አልፎ ሳርዲን ቢገዙላቸው ይሻላል። ሳርዲኑ ከነአጥንቱ ሲበላ ካልሲየምም ይሰጣል።

ምን ይሠራበት?

ምስር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ዘይትና አዮዲን ያለው ጨው ካለዎት፣ ከጉልት ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ሎሚ ከመጡ የሳምንቱ ምግብ ተገኘ ማለት ነው። ምስርና ሩዝ በአንድ ድስት ይበስላሉ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ፕሮቲናቸው ይሟላል። ፓስታ በቲማቲምና በሳርዲን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የተረፈው ምስር ወጥ በማግሥቱ ውሃና ካሮት ተጨምሮበት ሾርባ ይሆናል። በጾም ወቅት እንቁላሉና ሳርዲኑ ወጥተው ሽሮና ለውዝ ይገባሉ።

የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ጥራጥሬና የቲማቲም ሳልሳ ያላቸው ፖታሲየም ሊበዛባቸው ስለሚችል፣ በዚህ መሠረት አመጋገባቸውን ከመቀየራቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ማማከር አለባቸው። «ሶዲየሙ የቀነሰ» የሚባለው ጨውም ፖታሲየም ስላለው ለእነሱ አይሆንም። የስኳር ታማሚ ከሆኑ ደግሞ ከሩዙና ከፓስታው ቀንሰው ምስሩንና ጎመኑን ያብዙ፤ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ለውጡን ለሐኪምዎ ይንገሩ።