የኮምፒውተር ጥርስ እንዴት ይታያል?

ባለፈው ሳምንት ሶፊ ሄጄ ነበር። ሶፊ በሐረሪ ክልል ካሉት 9 ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋር ሆኖ የክልሉን ገጠር ይይዛል። ሐረርን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ከ5ቱ የጁገል በሮች በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ማታ ጅብ ከሰው እጅ ሲጎርስ ያያል፤ ፎቶግራፉን አንሥቶም ወደ መጣበት ይመለሳል። ሶፊ ድረስ የሚዘልቅ ግን ወይ ዘመድ ያለው፣ ወይ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። እኔን የወሰደኝ ጉዳይ ነው። የዩኒቨርስቲ ጓደኛዬ አባት «ያ ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ መጥቶ ያማክረኝ» ብለው ልከውብኝ ኖሯል።

ኮምፒውተር ዐዋቂ የሚለውን ማዕረግ እንዴት እንዳገኘሁ ለአንባቢ ብናገር አላፍርም። አንድ ቀን ወረቀት ነክሶ አልለቅም ያለ የጎረቤት ማተሚያ አላቅቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ስልክ፣ የተረሳ የምስጢር ቁጥር፣ አልፎ ተርፎም አልግል ያለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይቀር ወደ እኔ ይመጣል።

የሽማግሌው ጉዳይ ግን እንደ ምጣዱ ቀላል አልነበረም። የመጨረሻው ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ሐረማያ ዩኒቨርስቲ ተመድቧል። ያለ ኮምፒውተር ዩኒቨርስቲ መግባት ያለ ጫማ እንደ መግባት ነው ብሎም አባቱን አሳምኗል። አባትም ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሊሸጡ ቆርጠዋል። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ የሆነ አንባቢ ያውቀዋል፤ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ መቀናጀት፣ ዝናሙ ሲመጣም ተራ መጠበቅ ነው።

ልጁ ከአንድ ሱቅ ያመጣውን ወረቀት አውጥቶ አነበበልን። «ኮር አይ ሰባት፤ አንድ ቴራባይት፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው» ይላል። ዋጋው ከአንድ ሰንጋ ዋጋ ጋር ልክ ለልክ ነበር። ሻጩ የበሬውን ወሬ የሰማ ይመስላል።

እኔም ዕውቀቴን ለማሳየት ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር 30 ቶን ያህል ይመዝን እንደ ነበር፣ 18,000 ያህል የብርጭቆ ቱቦዎች እንደ ነበሩት ተረክሁ። በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ቅንጣት ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች በየጊዜው እጥፍ እየሆኑ እንደሚሄዱ መተንበዩን ጨመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኢንቴል ቅንጣት 2,300 ያህል ትራንዚስተር እንደ ነበረው፣ የዛሬው ግን በቢሊዮን እንደሚቆጠር ነገርኋቸው።

ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ስጨርስ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ «ይህ ሁሉ ደግ ነው ልጄ፤ ግን ጥርሱን እንዴት ታያለህ?» አሉኝ።

«የምኑን ጥርስ፣ አባባ?»

«የኮምፒውተሩን ነዋ! በሬ ስትገዛ ሻጩ የሚለውን አትሰማም። ጥርሱን አይተህ ዕድሜውን ታውቃለህ፤ ደረቱን ታያለህ፤ ሲበላ ታያለህ፤ ማን እንደ ገራው ትጠይቃለህ። የዚህኛውስ?»

እኔ በአራት ዓመት ትምህርት ያላገኘሁትን ጥያቄ ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ ጠየቁኝ። ስለዚህ እንደ በሬ ገበያው ሥርዓት አንድ በአንድ ተመለከትነው።

መጀመሪያ ጥርሱ። ሰው ሁሉ «አይ ሰባት ነው» ሲባል ይደነግጣል፤ አይ ሰባት ግን የዘር ስም እንጂ የዕድሜ ምልክት አይደለም። ዕድሜው የሚታወቀው ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነው። 2620 የሚል ከሆነ ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ 8250 የሚል ከሆነ ስምንተኛ ነው፤ ቁጥሩ አምስት አኃዝ ሆኖ በ12 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጡት የላፕቶፕ አይ ሰባቶች መካከል ባለ ሁለት ኮር ብቻ የሆኑ አሉ፤ በ2017 የወጣው አይ አምስት 8250 ግን ባለ አራት ኮር ነው። ኮር ማለት በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመደ በሬ ነውና አራቱ ሁለቱን ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ ቢያይ ከአይ ሰባት ቀጥሎ ምንም ቁጥር አልተጻፈም። ሽማግሌው ሣቁና «አፉን አላስከፍትም ያለ በሬ ነው» አሉ።

ሁለተኛው ደረቱ ነው። ሻጮች «አንድ ቴራባይት ማስታወሻ» ሲሉ ሁለት ነገር ያደባልቃሉ። ቴራባይቱ ጎተራ ነው፤ ፋይል የሚከማችበት። ራም የሚባለው ደግሞ አውድማው ነው፤ ሥራው የሚሠራበት። ጎተራው ቢሰፋ አውድማው ከጠበበ እህሉ አይወቃም። ለተማሪ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ይበቃዋል፤ ከዚያ ያነሰው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ሲያዙት ያቃስታል።

የጎተራውም ዓይነት አለ። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳሕን አለው። ከሶፊ ሐረር በባጃጅ የሄደ ሰው የራሱ አንጀት ምን እንደሚሆን ያውቃልና የሳሕኑን ነገር ለእሱ እተዋለሁ። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን የሚዞር ነገር የለበትም፤ ይፈጥናል፤ መንገጫገጭንም ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይሻላል። ትልቅ ቁጥር ሁሉ ትልቅ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መኖው ነው። የማይበላ በሬ አያርስም፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብሎ አይጠይቅ። መልሱ ሁልጊዜ «አምስት ሰዓት» ነው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪውን ታሪክ ጽፎ የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ያህል ይይዝ እንደ ነበርና ዛሬ ምን ያህል እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል።

አራተኛው፣ ማን ገራው የሚለው ነው። ያልተገራ በሬ ጉልበቱ ምንም ቢሆን እርሻ አያውቅም፤ ሶፍትዌር የሌለው ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ የቅርብ ጊዜ ወሬ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጠቅላላው ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ጥርስ ማየት ለቅንጦት አይደለም። ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያለው ገና ያርሳል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ጥበቃው እየሳሳ ይሄዳል። ሆኖም ይህ ማለት ይታረድ ማለት አይደለም። ሊነክስን የጫነበት ሰው ያው አሮጌ ዕቃ ዓመታት ሊያገለግለው ይችላል፤ ሊብሬኦፊስ የሚባለውም የጽሕፈት ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። በሻጭ እጅ ተሰብሮ ከተጫነ ዊንዶውስ፣ ሕጋዊ የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ለኅሊናም ለኮምፒውተሩም ጤና ነው።

መግራት ካልን የቋንቋው ነገር አይቀርም። በሬ በለመደው ቋንቋ ሲጠሩት ይሰማል፤ ኮምፒውተር ግን ለብዙ ዘመን የእኛን አይሰማም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ለማመቻቸት ስንት ደክመዋል! በኮምፒውተርም ዘመን የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ጽሕፈቶች ላያቸው ፊደል፣ ውስጣቸው ላቲን ነበር። እኔ ራሴ የመመረቂያ ጥናቴን ቃለ መጠይቅ በአንድ የጽሕፈት ቤት አስጽፌ፣ ሌላ ቦታ ወስጄ ብከፍተው ሽማግሌዎች የነገሩኝ ሁሉ ሰረዝና ቅንፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍሁት። ምክንያቱ በአሮጌው ዘዴ መጻፉ ነው። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ካገኘ ወዲህ፣ በዚህ ዘዴ የተጻፈ ጽሑፍ የትም ቢከፈት ያው ነው። በሐረር ይህ ከሌላው አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል፣ የጥንቱ የሐረሪ ጽሑፍ በዐረብኛ ሆሄ ነውና ሦስቱም ባንድ ገጽ ላይ ሳይጣሉ የሚቀመጡት በዩኒኮድ ነው። ዛሬም በአሮጌው ዘዴ የምትጽፍ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ብትኖር፣ ያንተን መዝገብ ከአንተ በኋላ የሚመጣ ሰው ሊያነበው እንደማይችል ዕወቀው።

የቀረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ልጁ ዓይኑ የበራው በዚህ ላይ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚህ ሥራ የተለየ ቅንጣት ያላቸውን ኮምፒውተሮች ካስተዋወቀ ወዲህ ሻጭ ሁሉ ቃሉን በየዕቃው ላይ ይለጥፈዋል። ነገር ግን ሕዝቡ የሚያነጋግራቸው እነ ቻትጂፒቲ የሚያስቡት ባሕር ማዶ ባሉ ትልልቅ መኪናዎች ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ተራ ስልክም ያደርስሃል። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው «ያለ አራሽ የሚያርስ በሬ ነው?» ብለው ጠየቁ። እንዲያ መሆኑን፣ አንዳንዴም የሰው ማሳ እንደሚያርስ ነገርኋቸው። ያላወቀውን ነገር እርግጠኛ ሆኖ ይናገራልና።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞረው «ምን ልታርስበት ነው?» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። ጥቂት ቆይቶ «ጓደኞቼ ሁሉ ሊገዙ ነው» አለ። አልፈረድሁበትም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ምክሬን ግን ሰጠሁ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም የጋራ ነው፤ ልጁ የሚመደብበት ክፍል የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለሥዕል ሥራ የሚሆንና ለጽሕፈት የሚሆን ኮምፒውተር አንድ አይደለም። እስከዚያው በዩኒቨርስቲው ኮምፒውተርና በስልኩ ይጠቀም። ሲለይለት ጥርሱ የታየ፣ ያገለገለ ስምንተኛ ትውልድ ይግዛ፤ ዋጋው ሙሉ ሰንጋ አይፈጅም።

«ብሩስ እስከዚያ ቢረክስ?» አለ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃው ዋጋ ሲወጣ አይተናል። አባቱ ቀደሙኝ። «ብሩን ማን ያስቀምጣል? በሬው ይቀመጣል እንጂ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን የማሽላ ቅጠል እያጨደ እየቀለበ ያደልበዋል፤ የተቀለበ በሬ ዋጋው ይጨምራል። የተገዛ ኮምፒውተር ግን ከሱቁ በር ሲወጣ ጀምሮ ያረጃል።

ልጁ አኩርፎ ወጣ። ሽማግሌውም የጫት ሽያጭ ገንዘብ በቴሌብር ገብቶላቸው ኖሮ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አውጥተው ሒሳቡን አዩ። ስልኩ ካሜራ የለውም፤ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ስሰናበታቸው «ያንተ ኮምፒውተር ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ። አዲስ አይ ሰባት፣ ባለ 16 ጊጋባይት ራም መሆኑን በኩራት ነገርኋቸው።

«ምን ታርስበታለህ?»

«ለጋዜጣ እጽፍበታለሁ፣ አባባ።»

ዝም ብለው አዩኝና «ጻፍበት እንግዲህ» አሉ። እነሆ ጻፍሁበት።