ከሲ.ኤም.ሲ እስከ እንጦጦ፦ ያገለገሉ የቅንጦት አውቶሞቢሎች ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላና በሲ.ኤም.ሲ አቋርጦ ወደ አያት በሚዘልቀው ጎዳና በየማለዳው ከሚታዩት ላንድክሩዘር፣ ሌክሰስ፣ መርሴዲስ ቤንዝ፣ ቢኤምደብሊው እና ሬንጅ ሮቨር ተሽከርካሪዎች መካከል በርካቶቹ አዲስ ሆነው የተገዙ አይደሉም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የገቡ፣ ከዚያም በአገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ናቸው። ተሽከርካሪው ውድ መሆኑ ግን ችግሩን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ሰነዱ ያልጠራ ወይም ጥገናው የተጓተተ የቅንጦት መኪና ለባለንብረቱ ከተራ መኪና የከበደ ዕዳ ይሆናል።

ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ገበያ ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በተሽከርካሪው የሞተር ጉልበት ላይ ብቻ ሳይሆን በዕድሜው ላይም የተመሠረተ ታክስ በመጣሉ፣ መኪናው ባረጀ ቁጥር ወደ አገር የማስገቢያ ወጪው እንዲጨምር አድርጓል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢሎች የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በስተቀር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔ ይፋ ሆነ። በመሆኑም ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርበው የቤንዚን ቅንጦት መኪና በአብዛኛው ቀደም ሲል የገባ ነው፤ በየዓመቱም ያረጃል እንጂ በአዲስ አይተካም። ገዢውም ሆነ ባለንብረቱ የሚጠነቀቀው ይህንኑ ከግምት አስገብቶ መሆን ይኖርበታል።

በቅድሚያ መጣራት ያለበት የሰነዱ ጉዳይ ነው። ከቅንጦት ተሽከርካሪዎች መካከል ከቀረጥ ነፃ መብት ባላቸው ሰዎችና ድርጅቶች ስም የገቡ ይገኙበታል። እነዚህን ተሽከርካሪዎች ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ለማስተላለፍ በጉምሩክ ሕጉ መሠረት ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት። ሻጩ «ቀረጡ ተከፍሏል» ማለቱ ብቻውን በቂ አይደለም። ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ቅጂና ቀረጥ የተከፈለበትን ደረሰኝ መጠየቅ፣ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲና የሞተር ቁጥርም ከእነዚህ ሰነዶች ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር ይገባዋል። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች በፊት መስታወቱ ሥርና በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ይገኛል። በሁለቱ ቦታዎች የሚነበበው ቁጥር ከተለያየ ወይም አንዱ የተፋቀ ከሆነ ግዢውን ማቆም እንጂ ማብራሪያ መስማት አይጠቅምም።

ሁለተኛው የሰነድ ጉዳይ ዕገዳ ነው። ተሽከርካሪው ለባንክ ብድር በዋስትና የተያዘ ሊሆን ይችላል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የተመዘገበ የዋስትና መብት ንብረቱ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ በቀላሉ አይቀርም። ስለሆነም ፋይሉ በሚገኝበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩን ማረጋገጥ ከሙሉ ክፍያ በፊት የሚከናወን ተግባር ነው።

በውክልና ብቻ የሚደረግ ሽያጭ ግን ለብቻው ትኩረት ይሻል። የስም ማዛወሪያ ወጪን ለማስቀረት ወይም ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሻጩ ለገዢው የውክልና ሥልጣን ሰጥቶ መኪናውን የሚያስረክብበት ልማድ ተስፋፍቷል። ይህ አሠራር ሁለቱንም ወገኖች ይጎዳል። ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት የሚቋረጥ በመሆኑ፣ ሻጩ በሞት ከተለየ ገዢው በሙሉ ዋጋ የገዛውን መኪና ለማዛወር ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። በሌላ በኩል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል፤ በወቅቱ የሚያሽከረክረው ሌላ ሰው መሆኑም ከኃላፊነት አያድነውም። መኪናውን ከዓመታት በፊት «ሸጬዋለሁ» የሚል፣ ሊብሬው ግን አሁንም በስሙ ያለ ሰው አንድ ቀን የካሳ ክስ መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ማጽደቅና ስሙን ወዲያውኑ ማዛወር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ወደ ተሽከርካሪው አካል ሲመጣ፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና በገበያው እንግዳ አይደለም። ቁጥሩ 60,000 እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ያለቀ፣ የመሪው ቆዳ የተላጠና የሾፌሩ መቀመጫ የሰመጠ ከሆነ የሚታመነው ቁጥሩ ሳይሆን ፔዳሉ ነው። በኮምፒውተር ምርመራ ከሞተሩ፣ ከካምቢዮውና ከፍሬኑ መቆጣጠሪያዎች የተለያየ የኪሎ ሜትር መረጃ የሚገኝበት ጊዜም ስላለ ምርመራው የሚጠይቀው ክፍያ አያስቆጭም።

የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት በተለይ መታየት አለበት። ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት ይኖርበታል። ፈጽሞ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ሆን ተብሎ የተነቀለ፣ መኪናውም ቀደም ሲል ተጋጭቶ ኤርባጉ ያልተተካ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያመረታቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ሆነው ለነፃ ቅያሪ ተጠርተዋል። በውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት ለረጅም ጊዜ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ባሕርዩን ይለውጣል፤ ግጭት ሲደርስም ኤርባጉን ከመንፋት አልፎ የብረት ስብርባሪ በተሳፋሪው ላይ ይረጫል። በዚህ ምክንያት በተለያዩ አገሮች ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ጥሪው ቶዮታን፣ ሌክሰስን፣ ቢኤምደብሊውንና መርሴዲስን ጨምሮ የብዙ አምራቾችን ምርት የሚመለከት ነው፤ ሙቀትና የባሕር እርጥበት ከሚበረታበት አካባቢ የመጣ መኪና ደግሞ ለአደጋው የበለጠ የተጋለጠ ነው። ባለንብረቱ የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል በመስጠት ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ በማስገባት ተሽከርካሪው በጥሪው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይችላል።

ሲ.ኤም.ሲና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥረው ካንዴላና የነዳጅ ፓምፕ ደጋግመው የሚያስቀይሩ ባለንብረቶች ገንዘባቸውን ያባክናሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን አየር በብዛት ያካክሳል፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ቱርቦው በከፍተኛ ፍጥነት በመሽከርከር ነውና በአምራቹ የታዘዘውን የዘይት ዓይነት በጊዜው መቀየር ለደጋ አሽከርካሪ ይበልጥ ግዴታ ነው።

በነዳጅ መክደኛው ላይ 95 ወይም 98 ኦክቴን የሚል ጽሑፍ ያለበት መኪና ባለቤት በማደያ ደረጃ ተለይቶ የማይሸጠውን ቤንዚን ሲቀዳ መስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በከፍታ ቦታ ቱርቦ በሌለው ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ዝቅ ስለሚል የመንኳኳት አደጋውም ይቀንሳል። ይኸው መኪና ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ነው ጥንቃቄ የሚያሻው፤ በዚያ ጊዜ ከባድ ጭነትና ድንገተኛ ፍጥነት መጨመርን ማስወገድ ይጠቅማል። በናፍጣ የሚሠሩ አዳዲስ ሞዴሎች ደግሞ የጥቀርሻ ማጣሪያ አላቸው። ከሲ.ኤም.ሲ መገናኛ በመጨናነቅ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያውን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። አልፎ አልፎ በለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆራረጥ መንዳት ማጣሪያውን ያጸዳዋል፤ ማጣሪያውን አስነቅሎ መጣል ግን ጭሱን ለአካባቢው ነዋሪ መልቀቅ ነው።

በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት በመያዝ ይህን የፍሌት መጠን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የላላ ክዳን በወደብ ከተማ የማያስከትለውን ጉዳት እዚህ ያስከትላል። በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን አምራቹ ያዘዘው ፈሳሽ መኖር አለበት፤ ሞተሩ የጋለበትን መኪና ክዳን መክፈትም ፊትና እጅን ለቃጠሎ ይዳርጋል።

ከሁሉም በላይ ለሕይወት የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ሽቅብ ሲወጣ የደከመ ሞተር መኪናውን ያዘገየዋል እንጂ አይጎዳም፤ ቁልቁል ሲወርድ የደከመ ፍሬን ግን ሌላ ነው። ላንድክሩዘር ቪ8 ባዶውን ከ2,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ያህል ክብደት 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ፍሬኑ ብቻ ቢሸከመው የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በአራት ዲስኮችና በሸራዎቻቸው ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ መጠኑ ከ230 ዲግሪ የማያንስ ሲሆን እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ላይ ይህ ቢከሰት ከፊት ያሉት እግረኞችና ታክሲዎች ናቸው።

በመሆኑም የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በእጅ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ እንዲገባ ይመከራል። መኪናው ውድ መሆኑ ወይም አውቶማቲክ መሆኑ ይህን ሥራ በራሱ ይሠራል ማለት አይደለም። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁል መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው አባባልም ስህተት ነው፤ ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሲወርድ የነዳጅ ርጭቱን ራሱ ያቋርጣል።

በአየር የሚሠራ አሞርዛተር ያላቸውን መኪኖች ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ማታ አቁሞ ጠዋት ማየት ነው። አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ካደረ አየር ያስተነፍሳል፤ ችላ ከተባለም ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ሠርቶ ይቃጠላል። የጎማ ዕድሜ በጎኑ ላይ ከታተሙት አራት አኃዞች ይነበባል፤ ለምሳሌ 2318 ማለት በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና አይደለም። መለዋወጫ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲገዛ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል፤ ትናንት ከአንዱ ግቢ የጠፋ ስፖኪዮና መብራት ዛሬ ሌላ ቦታ የሚሸጥ ሊሆን ይችላልና። በክረምት ጎርፍ በተኛበት መንገድ ውሃው ወደ አየር መሳቢያው ከገባ ሞተሩን ይሰብራል። መኪናው በውሃ ውስጥ ከጠፋ ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ሳይሆን አስጎትቶ ማስመርመር ነው የሚሻለው።

ተሽከርካሪ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋል፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የባለንብረቱን መኪና አይጠግንም። ሙሉ የመድን ሽፋን የገዙ ባለንብረቶችም የተሽከርካሪያቸው ግምት መቼ እንደተሠራ ሊመለከቱ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ብዙ ተለውጧል። ዛሬ 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በውሉ ላይ 4 ሚሊዮን ተብሎ ከቀረ፣ መድን ሰጪው 1 ሚሊዮን ብር ለደረሰ ጉዳት ግማሹን ብቻ ሊከፍል ይችላል። የመድን ውሉ ከመታደሱ በፊት ግምቱ በወቅቱ ዋጋ እንዲስተካከል በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ሲቀርብ ሊብሬው፣ የቅርብ ጊዜ የቴክኒክ ምርመራ ውጤቱና የተቀየሩ መለዋወጫዎች ደረሰኝ አብረው ይቀርባሉ።