ምስሉን የምትሸከም ነጥብ

የማተሚያ መኪና ግራጫ አያውቅም። ጥቁር ቀለም ከተሰጠው ወይ ጥቁር ያትማል፣ ወይ ወረቀቱን ነጭ እንደሆነ ይተወዋል። ያረጀ የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ከሩቅ የጉንጭ ጥላ የመሰለው ሁሉ ሲቀርቡት የጥቁር ነጥቦች ስብስብ ነው። ጨለማው ላይ ነጥቦቹ ወፍረው ይነካካሉ፤ ብርሃኑ ላይ ይቀጥናሉ። ግራጫውን የሚሠራው ዓይናችን ነው። ሃፍቶን የሚባለው ይህ ነው።

እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1852 ምስልን በስስ ጨርቅ የመከፋፈልን ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ፤ ጀርመናዊው ጌኦርግ ማይዘንባኽ ደግሞ በ1882 ለሥራ የሚመች ዘዴ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ በአብዛኛው ቀራጭ በእንጨት ላይ እንደገና ሊስለው ግድ ነበር። ይህን ያህል ባለውለታ የሆነ ጥበብ ዛሬ «ፖስተር ማሳመሪያ» ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ስሕተት ግን ሌላ ነው። ነጥብ ያለበትን ሁሉ ሃፍቶን ማለት። ብዙ ሰው ለማስረጃ የፖፕ አርት ሠዓሊውን የሮይ ሊክተንስታይንን ሥዕሎች ይጠቅሳል። የእሱ ነጥቦች መነሻቸው ግን ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1879 ያመጣው የቤን-ዴይ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ቦታ ላይ ያሉት ነጥቦች በመጠንም በርቀትም እኩል ናቸው፤ ሥራቸው ለፊት ቆዳ ወይም ለሰማይ አንድ ወጥ ቀለም መስጠት ነው። ነጥቦቹን ብታጠፏቸው ሥዕሉ አይጠፋም፤ የያዘው ጥቁሩ መስመር ነውና። ከሃፍቶን ላይ ነጥቡን ብታነሡ ግን ባዶ ወረቀት ይቀራችኋል። ምስሉ ማለት የነጥቡ መጠን ነው።

ለዚህ ነው ከኢንተርኔት ያወረዱትን ነጥባም ጀርባ ፎቶ ላይ ለጥፈው «ሃፍቶን አደረግሁት» የሚሉ ዲዛይነሮች የሚያናድዱኝ። አንድ የቲሸርት ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣ አይቻለሁ። ከነጥቦቹ ሥር ግራጫው እንዳለ ተቀምጧል። ሲልክ ስክሪን ደግሞ ቀለሙን ወይ ያሳልፋል ወይ ይከለክላል፤ በግማሽ አያሳልፍም። ፊቱ አንድ ጥቁር እድፍ ሆኖ ወጣ፤ ወቀሳው ግን አታሚው ላይ ነበር!

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፎቶሾፕ ላይ መጀመሪያ በሌቭልስ ብርሃንና ጨለማውን አራርቁ፤ የደበዘዘ ፎቶ የደበዘዘ ነጥብ ይወልዳል። ለኅትመት ከሆነ በኢሜጅ፣ ሞድ ገብታችሁ ግሬይስኬል፣ ቀጥሎ ቢትማፕ አድርጉት፤ ሃፍቶን ስክሪንን ስትመርጡ የነጥቡን ድርድር ብዛት፣ ማዕዘኑንና ቅርጹን ይጠይቃችኋል። ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን ውበት ከሆነ ፊልተር፣ ፒክስሌት፣ ከለር ሃፍቶን ይበቃል። እዚያ ያለው 8 የሚል ቁጥር የትልቁ ነጥብ ራዲየስ በፒክሴል ነው። ስለዚህ ትንሽ ፎቶ ላይ ፊት የሚያጠፋው 8 ትልቅ ፎቶ ላይ አይታይም፤ ቁጥሩን ከፎቶው ስፋት ጋር አስታርቁት። ጂምፕ የምትጠቀሙ ኒውስፕሪንት የሚባለውን ፊልተር ፈልጉ።

ማዕዘኑን እንዲሁ አትለፉት። ዓይን አግድምና ቀጥ ያለ መስመር ቶሎ ይይዛል፤ ጥቁሩ በ45 ዲግሪ የሚጋደመው ድርድሩ እንዳይታወቅ ነው። በባለ አራት ቀለም ኅትመት የተለመደው ሲያን 15፣ ማጀንታ 75፣ ቢጫ 0 ነው። ሦስቱ ጠንካራ ቀለሞች፣ ጥቁር፣ ሲያንና ማጀንታ፣ በ30 ዲግሪ ሲራራቁ ነጥቦቹ ትንንሽ ጽጌረዳ መሳይ ክቦች ይሠራሉ። ማዕዘኑ ከተዛባ ሞይሬ የሚሉት ማዕበል መሳይ ዝንጉርጉር ምስሉን ይወርሰዋል። ቢጫው ከጎረቤቶቹ በ15 ዲግሪ ብቻ ቢርቅም ቀለሙ ፈዛዛ ስለሆነ ጥፋቱ አይታይም።

ነጥቡ አንዴ ከተሠራ በኋላ ምስሉን አታሳድጉት፣ አታሳንሱትም፤ ያው ሞይሬ ይመጣል። መጠኑን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ በጄፔግ ሳይሆን በፒኤንጂ አስቀምጡት። ለአታሚው በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት።