ተገጣጥሞ የሚሸጥ የጌም ኮምፒውተር፦ በተመጠነ ገንዘብ ክፍሎችን ስለ መምረጥ

የጌም ኮምፒውተር ለቢሮ ሥራ ከሚውለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር በመሠረቱ የተለየ መሣሪያ አይደለም። ሁለቱም ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ማከማቻ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ አሏቸው፤ የሚለያዩት በእነዚህ ክፍሎች አቅም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስል ለመሥራት ብቻ የተዘጋጀ ግራፊክስ ካርድ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ለማግኘት ሁለት መንገዶች ሲኖሩ፣ አንደኛው ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ በራስ መገጣጠም፣ ሁለተኛው ደግሞ በአምራች ወይም በሱቅ ተገጣጥሞና ለጠቅላላው ዕቃ ዋስትና ተሰጥቶት የሚሸጠውን መግዛት ነው። ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ይቆጥባል፣ የመገጣጠም ልምድ የሌለውንም ሰው ከስሕተት ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ የክፍሎቹን ምርጫ ለሻጩ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ገዢው ምርጫው በአግባቡ መደረጉን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ እውቀት በተለይ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው የሚያስፈልገው፣ ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ አጉልተው የሚጽፉት የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ስም ሲሆን ወጪ የሚቀንሱት ግን ብዙውን ጊዜ ስማቸው ባልተጠቀሰ ክፍሎች ላይ በመሆኑ ነው። በተመጠነ ገንዘብ የሚደረግ ምርጫ ሊመራበት የሚገባው ደንብም ከዚሁ ይመነጫል፦ ገንዘቡ ኋላ ለመለወጥ በሚያስቸግረው ክፍል ላይ ይዋል፤ ኋላ በቀላሉ ሊጨመር የሚችለው ግን ለጊዜው አነስ ቢልም ይታለፍ።

ግራፊክስ ካርድ

በጌም ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ በፍጥነት ተከታትለው ከሚሳሉ ቋሚ ምስሎች የሚገኝ ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ በሴኮንድ 60 ፍሬም እንዲታይ ከተፈለገ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ሠርቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላም። 1080ፒ በሚባለው የጥራት ደረጃ አንድ ፍሬም በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080፣ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች ሲኖሩት፣ 4ኬ በሚባለው ደረጃ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ። የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም እያሰላ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚያደርሰው ጂፒዩ የተባለው የግራፊክስ ካርዱ ዋና ቺፕ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይኸው ካርድ ነው። በመሆኑም ገዢው ስለ ካርድ ከማሰቡ በፊት ስለ ሞኒተሩ መወሰን አለበት፤ የ1080ፒ ሞኒተር ይዞ ለ4ኬ የተሠራ ካርድ መግዛት ብዙውን ጊዜ ጥቅም ላይ ለማይውል አቅም መክፈል ነው።

ለ1080ፒ ከሚመጥኑትና ዋጋቸው መጠነኛ ከሆኑት ካርዶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2023 በ299 ዶላር መነሻ ዋጋ የወጣው የኤንቪዲያ ጂፎርስ አርቲኤክስ 4060፣ በዚያው ዓመት በ269 ዶላር የወጣው የኤኤምዲ ራዲዮን አርኤክስ 7600፣ እንዲሁም በ2024 ማብቂያ በ249 ዶላር የወጣው የኢንቴል አርክ ቢ580 ይገኛሉ። እያንዳንዱ ካርድ ቪራም የሚባል የራሱ ማስታወሻ ሲኖረው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 8 ጊጋባይት፣ ሦስተኛው 12 ጊጋባይት ይዘዋል። ጌሙ የሚጠቀምባቸው ምስሎች ከቪራሙ በላይ ከሆኑ ካርዱ ከእርሱ በብዙ ከሚዘገየው ከኮምፒውተሩ ራም ለመበደር ስለሚገደድ፣ እንቅስቃሴው መቆራረጥ ይጀምራል። በአዳዲስ ትልልቅ ጌሞች 8 ጊጋባይት ጠባብ እየሆነ መጥቷል፤ እንደ ካውንተር-ስትራይክ 2 ላሉ የውድድር ጌሞች ግን ዛሬም ይበቃል።

በዚህ ክፍል ላይ ገዢን በተደጋጋሚ የሚያሳስተው፣ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ካርዶችን ሊሸፍን መቻሉ ነው። አርቲኤክስ 3060 በሚለው ስም ባለ 12 ጊጋባይትና ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶች ተሽጠዋል፤ ልዩነታቸው በማስታወሻው መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ቺፑን ከማስታወሻው ጋር የሚያገናኘው መስመር ስፋት በመጀመሪያው 192 ቢት ሲሆን በሁለተኛው 128 ቢት ነው። አርቲኤክስ 3050 ላይም እንዲሁ ባለ 6 ጊጋባይቱ ካርድ ከባለ 8 ጊጋባይቱ ይልቅ ያነሱ የስሌት ክፍሎች አሉት። ስለዚህ የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን የቪራሙን መጠን ጭምር በጽሑፍ ማረጋገጥ የግድ ይላል።

ፕሮሰሰር

ፕሮሰሰሩ የጌሙን ሕግጋት፣ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴና የተጫዋቹን ትእዛዝ እያሰላ ለግራፊክስ ካርዱ ሥራ ያቀብላል፤ ሥራ የሚያቀብለው ከዘገየ ካርዱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ለመጠበቅ ይገደዳል። መጠነኛ ዋጋ ላለው የጌም ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ና የኢንቴል ኮር አይ5-12400ኤፍ በቂ ሆነው የቆዩ ሲሆን፣ ሁለቱም ስድስት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ ስድስት የስሌት ማዕከሎች አሏቸው። በኢንቴል ስም መጨረሻ ላይ የምትገኘው ‹ኤፍ› ፕሮሰሰሩ በውስጡ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ታመለክታለች፤ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ይህ ጉድለት ሳይሆን ዋጋ የሚቀንስ ነገር ነው፤ ካርዱ የተበላሸ ዕለት ግን ሞኒተሩ ምንም አያሳይም።

በማስታወቂያ ላይ ‹ኮር አይ7› የሚለውን ብቻ አይቶ መግዛት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የፕሮሰሰሩን ዘመን የሚናገረው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኮር አይ7-3770 አራት ኮር ሲኖረው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣውና በደረጃው ዝቅ ያለ የሚመስለው ኮር አይ3-12100 ቁጥራቸው እኩል በሆኑ ኮሮች ብዙ ሥራ በማከናወን በግልጽ ይበልጠዋል።

ራምና ማከማቻ

ራም ፕሮሰሰሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ማስታወሻ ሲሆን፣ ለጌም ኮምፒውተር ዛሬ ከ16 ጊጋባይት በታች መውረድ አይመከርም። ከመጠኑ ያላነሰ ትኩረት የሚሻው አቀማመጡ ነው። አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ወደ ራም የሚወስዱ ሁለት መስመሮች ስላሏቸው፣ 16 ጊጋባይት በአንድ ዘንግ ብቻ ሲገባ አንደኛው መስመር ሥራ ፈትቶ ይቀራል፤ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ዘንጎች ሲገቡ ግን ሁለቱም መስመሮች ይሠራሉ፣ ጌሙም ያለ ተጨማሪ ካርድ ይፈጥናል። ተገጣጥመው በሚሸጡ ርካሽ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዘንግ ብቻ ማግኘት የተለመደ ነው። ዲዲአር4ና ዲዲአር5 የሚባሉት ሁለት የራም ትውልዶች ደግሞ በአንድ ሶኬት የማይገቡ ስለሆኑ፣ ኋላ ራም ለመጨመር የሚያስብ ሰው ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ማከማቻን በተመለከተ፣ በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚጽፈው ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ወደ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሳታ በሚባለው መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ ወደ 550፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለውና በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ደግሞ እንደ ትውልዱ ከ3,000 እስከ 7,000 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ሊያነብ ይችላል። በጌም ላይ የሚሰማው ትልቁ ልዩነት ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ ሲታለፍ የሚገኘው ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ፍጥነት ውስን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ስታርፊልድ የተባለው ጌም በዝቅተኛው መስፈርቱ 16 ጊጋባይት ራም፣ 125 ጊጋባይት ቦታና ኤስኤስዲ መጠየቁ የጊዜውን አዝማሚያ በግልጽ ያሳያል። ማከማቻ ግን ከሁሉም ክፍሎች ይልቅ ለመጨመር የሚቀል ስለሆነ፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው በ500 ጊጋባይት ጀምሮ ቆይቶ ቢያሳድገው ምንም አይጎዳም።

ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድና ኬዝ

የተገጣጠመ ኮምፒውተር እውነተኛ ጥራት የሚለየው በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ወደሚፈልጉት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይለውጣል። ራይዘን 5 5600 በአምራቹ መለኪያ 65 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 115 ዋት የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ ሌሎቹ ክፍሎች ተደምረውም ከ300 ዋት ብዙ አይርቁም፤ ጥራት ያለው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ለዛሬም ለነገው ትልቅ ካርድም ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ‹80 ፕላስ› የተባለው ምልክት ፓወር ሰፕላዩ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ቢያንስ 80 በመቶውን ለክፍሎቹ እንደሚያደርስ ይመሰክራል። ምልክቱ ስለ ዕድሜና ስለ ጥንካሬ በቀጥታ ባይናገርም፣ ምልክቱም የአምራቹ ስምም የሌለበት ፓወር ሰፕላይ ግን መወገድ አለበት፤ ሲቃጠል ሌሎች ክፍሎችን ይዞ ሊሄድ የሚችለው ይህ ክፍል ነውና።

አንዳንድ ታላላቅ አምራቾች በተለመደው የኤቲኤክስ መለኪያ ሳይሆን በራሳቸው ቅርጽና በራሳቸው መሰኪያ የተሠራ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ይጠቀማሉ። እንዲህ ባለው ኮምፒውተር ላይ የተበላሸውን ክፍል ከማንኛውም ሱቅ በተገዛ መተካት፣ ወይም ማዘርቦርዱን ወደ ሌላ ኬዝ ማዛወር ስለማይቻል፣ ሲገዛ ርካሽ የመሰለው ዕቃ ሲጠገን ውድ ይሆናል። ከዚህ በተቃራኒ መደበኛ ማዘርቦርድ ያለው ኮምፒውተር ዕድሜው ይረዝማል፤ ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ሶኬት እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች አንስቶ በ2022 እስከ ወጡት ድረስ ማገልገሉ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከኬዙ የሚፈለገው ውበት ሳይሆን አየር ነው፤ ፊቱ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ከተደፈነ ይልቅ በወንፊት መሰል ብረት የተሠራና ቢያንስ አንድ የሚያስገባ፣ አንድ የሚያስወጣ ፋን ያለው ይመረጣል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች ገንዘቡ ለአዲስ ዕቃ የማይበቃው ሰው እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያለ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ሊጨምርበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው ጉልበት ሳይሆን ኤሌክትሪክና ቦታ ነው። ካርድ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ስሎት ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ስለዚህ የሚስማሙት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650ና ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050፣ እነርሱም ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉት ዓይነቶቻቸው ናቸው፤ ቀጭን ኬዝ ላለው ኮምፒውተር ደግሞ በቁመት አጭር የሆነው ዓይነት ይፈለጋል። አርክ ቢ580 በዋጋው ማራኪ ቢሆንም፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ማስታወሻ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ የሚያስችለው ሪሳይዘብል ባር የተባለ አሠራር በሌላቸው አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ አቅሙ በእጅጉ ስለሚቀንስ ለዚህ አይሆንም።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ለሚላክ ኮምፒውተር ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት በመሆኑ፣ ከመላኩ በፊት በፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ‹100–240› የሚል መኖሩ መታየት አለበት። 115 ብቻ የሚል ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ መለወጥ ይኖርበታል፤ ከኋላው የቮልቴጅ መምረጫ ማብሪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞር አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከውድ ካርድ ጥቂት ዝቅ ብሎ በተረፈው፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዩፒኤስ መግዛት ብልህነት ነው።

በርክክብ ጊዜ

ኮምፒውተሩ ሲደርስ ከመሰካቱ በፊት የጎን ክዳኑ መከፈት አለበት፤ በጉዞ ላይ ካርዱ እንዳይነቃነቅ በውስጡ የሚሞላው ስፖንጅ ካለ ይወጣል፣ የራሙ ዘንጎች ይቆጠራሉ፣ የፓወር ሰፕላዩ ጽሑፍ ይነበባል። የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካው ከላይ ባለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በአግድም በተደረደረው የግራፊክስ ካርዱ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ካርዳቸውን ገዝተው ሳይጠቀሙበት የሚቆዩ ብዙዎች ናቸው። በመጨረሻም በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የራሙ ፍጥነት ታይቶ ከተጻፈበት በታች ከሆነ፣ በማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን በማብራት ያለ ወጪ ይስተካከላል።

እንግዲህ የተመጠነ ገንዘብ ያለው ገዢ ከሻጩ ሊጠይቅ የሚገባው ቅናሽ ብቻ ሳይሆን፣ የፓወር ሰፕላዩን አምራች፣ የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የራሙን ዘንግ ብዛትና የካርዱን ቪራም ጭምር የያዘ የተሟላ የክፍሎች ዝርዝር ነው። ይህን ዝርዝር በጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ዝቅ ቢል፣ መግዛት አይገባም።