የፊቱን ፍሬን አትንካ

ሞተር ያስተማረኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ቦታው ከተማችን ዳር ያለ የኳስ ሜዳ ነበር። ትምህርቱ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ፍሪሲዮን ይሄ ነው፣ ማርሽ በግራ እግር ነው፣ ነዳጅ በቀኝ እጅ ነው፣ አበቃ። ልነሳ ስል አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረልኝ፦ «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!» እኔም ለዓመታት አልነካሁትም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እንግሊዝ አገር ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ስዘጋጅ አሰልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ ያረመኝ ይህንኑ ነው። ቀኝ እጄ የፊቱን ፍሬን እንደ እሳት ሲሸሸው አይቶ አስቆመኝና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ዘመድ መሆኑን ስነግረው አልተገረመም። ለምን እንዳልተገረመ የገባኝ በኋላ፣ ስለ ሞተር አደጋ የተጻፈውን ማንበብ ስጀምር ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሃሪ ኸርት ቡድን አንድ ሰፊ ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረዋል፤ በዚያ ላይ 3,600 የፖሊስ ሪፖርቶችን አገላብጠዋል። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና ያልወሰዱ ሆነው ተገኙ። ወይ በራሳቸው ሞክረው የለመዱ፣ ወይ እንደኔ ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ናቸው። አደጋው ከመድረሱ በፊት የነበራቸው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ማለትም የከተማ ውስጥ ፍጥነት። አደጋው መምጣቱ ከታየበት ቅጽበት እስከ ግጭቱ ድረስ የነበራቸው ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ በታች ነበር። በዚያች ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ ያደረጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የኋላውን ፍሬን ረግጠው ጎማውን ቆልፈዋል፣ የፊቱን ግን በአግባቡ አልተጠቀሙበትም።

እስቲ ቀላል ስሌት እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። 28 ሜትር ርቀት ላይ አንድ መኪና ድንገት ወጥቶ መንገዱን ቢዘጋው ሞተረኛው ያለው 2 ሰከንድ ነው። መኪናውን አይቶ፣ የሆነውን ተረድቶ፣ ጣቶቹ ፍሬኑን እስኪይዙ 1 ሰከንድ ቢያልፍ ግማሹ መንገድ አለቀ። በቀረው 14 ሜትር ውስጥ መቆም አለበት። በደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ፍሬኖች አሳምሮ የሚይዝ ሰው በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ መኪናው ሥር ሲደርስ ይቆማል። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው የሚያገኘው የማቆም ኃይል ከዚህ ግማሽ ገደማ ነው እንበል። መኪናው ጋ ሲደርስ ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ኸርት ያገኘው መካከለኛ የግጭት ፍጥነትም 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የእኔ ስሌት ግምት ነውና ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መገጣጠማቸው ምንም አያረጋግጥም፤ ሆኖም መጀመሪያ ጎን ለጎን ሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ለምን የፊቱ? ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ተብሎ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ይሰግዳል። ሞተርም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ይሄዳል። መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው ክብደት ያረፈበት ጎማ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት የፊተኛው ጎማ ጉልበት ያገኛል፣ የኋላው ደግሞ ይቀልና በቀላሉ ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል፤ የሞተሩም ጭራ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። እዚህ ላይ ግን ወሳኝ ነገር አለ። ክብደቱ ወደ ፊት እስኪሄድ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የፊቱን ፍሬን ቀጭ አድርጎ የያዘ ሰው ገና ክብደት ያላረፈበትን ጎማ ይቆልፍና ይወድቃል። የአጎቴ ልጅ የፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። እሱ የሚነዳው ኮረኮንችና ጭቃ ላይ ነው፤ እዚያ የፊተኛው ጎማ ትንሽ ከተንሸራተተ ሰውየውን ማዳን ከባድ ነው። ጥፋቱ የኮረኮንቹን ምክር አስፋልት ላይ ይዞ መውጣት ነው። ትክክለኛው አያያዝ ብርቱካን እንደ መጭመቅ ነው፤ በመጀመሪያ ለስለስ፣ ክብደቱ ፊት ላይ ሲያርፍ ጠበቅ፣ እየጠበቀ መሄድ። ኤቢኤስ ያለው ሞተር ጎማው እንዳይቆለፍ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ፈርቶ ፍሬኑን ጨርሶ ላልያዘ እጅ ኤቢኤስ ምንም አይረዳውም።

የእንግሊዝ ፈተና ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ክፍል የሚካሄደው ከመንገድ ውጭ በታጠረ ሰፊ አስፋልት ላይ ሲሆን 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሞተሩን በእጅ መግፋት፣ በኮኖች መካከል መጠማዘዝ፣ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ በቀስታ መሄድ፣ ዞሮ መመለስ፣ ከዚያ ቢያንስ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየመጡ ድንገት ማቆም፣ በዚያው ፍጥነት ከፊት ያለን እንቅፋት መሸሽ። ከባድ ስህተት ሳይሠራ፣ ቀላል ስህተቶቹም ከ5 ሳይበልጡ የጨረሰ ያልፋል። ብዙ ተፈታኝ ይህን እንደ ሰርከስ ትርኢት ያየዋል፤ እኔም እንደዚያው አየው ነበር። የኸርትን ቁጥሮች ካነበብኩ በኋላ ግን የፍጥነት ልምምዶቹ ያቺን 2 ሰከንድ ግቢ ውስጥ አስገብተው የሚያስጠኑ ሆነው ታዩኝ።

እንቅፋት መሸሽን እንውሰድ። በፍጥነት የሚሄድ ሞተር ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ የቀኙን የመሪ እጀታ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። ይህ ማለት ጎማውን ለቅጽበት ወደ ግራ ማዞር ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ልጅ ሆነን ዱላ መዳፋችን ላይ አቁመን እንዴት እንጫወት እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ዱላው ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል ከተፈለገ መዳፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ሞተሩም ጎማው ከሥሩ ወደ ግራ ሲወጣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ካዘነበለ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በአውሮፕላን ስሙ የሚነሳው ዊልበር ራይት ብስክሌት ሠሪና ነጋዴ ነበርና ይህን አስተውሏል። ብዙ ብስክሌተኞችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ጠይቆ፣ በመጀመሪያ ጥያቄ በትክክል የመለሰለት አንድም ሰው አላገኘም። እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው አያውቅም ነበር። በደህና ቀን ይህ ችግር የለውም። በድንጋጤ ጊዜ ግን ሰው እጁን ሳይሆን ግምቱን ይከተላል፤ ከመኪናው ለመሸሽ መሪውን ወደሚሸሽበት አቅጣጫ ይጠመዝዛል፣ ሞተሩም መኪናው ወዳለበት ያዘነብላል። ኸርት ባጠናቸው ሰዎች ዘንድ ይህ የመሪ አያያዝ ጭራሽ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግፊቱ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ፣ አስቦ ከመሥራት አልፎ ልማድ መሆን አለበት።

በቀስታ መሄድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ጎማ ያለው ነገር ፍጥነት ሲያገኝ በራሱ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደሚችል ይታወቃል። ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጎማው መሽከርከር የሚሰጠውን ኃይል ያጠፋ ልዩ ብስክሌት ሠርተው፣ ያም ቢሆን ሳይወድቅ እንደሚሄድ አሳዩ። በእግረኛ ፍጥነት ግን ይህ ስጦታ የለም። ሞተሩን የሚያቆመው ሰውየው ብቻ ነው። ነዳጁን አንድ ልክ ላይ ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል ለቆ፣ የኋላውን ፍሬን በትንሹ ረግጦ፣ ዓይንን ከፊተኛው ጎማ አንስቶ ወደሚሄዱበት መመልከት። ዞሮ መመለሱ ላይ የሚወድቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መሬቱን ያያሉ፤ መሬቱን ያየ ደግሞ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ የወደቅኩት እዚያ ነው።

ሁለተኛው ክፍል መንገድ ላይ ነው፤ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ፈታኙ ከኋላ እየተከተለ በሬዲዮ ይመራል። እዚህ የሚፈተነው በአብዛኛው ዓይን ነው። በኸርት ጥናት ሌላ ተሽከርካሪ በነበረበት አደጋ ውስጥ ከሦስቱ በሁለቱ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው የመኪናው ሾፌር ነው፤ ብዙዎቹም ሞተሩን አላየነውም ብለዋል። ውሸት ላይሆን ይችላል። ሞተር ጠባብ ነው፤ ትንሽ ነገር ደግሞ ራቅ ያለ ይመስላል፣ እየቀረበ ሲመጣም ምስሉ ቶሎ አያድግም። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሲሙሌተር ጥናት አንዳንድ ሾፌሮች ሞተሩን በዓይናቸው ካዩት በኋላ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲዞሩ እንደሚረሱት አሳይተዋል። መፍትሔ ብለው የጠቆሙት ቀላል ነው፤ ሾፌሩ ሲያየው «ሞተር» ብሎ ድምፁን አውጥቶ ይናገር። ሾፌሩ እስኪናገር መጠበቅ የማይችለው ሞተረኛ ግን መስቀለኛ መንገድ ላይ አልታየሁም ብሎ መነሳት አለበት። አቅጣጫ ከመቀየር በፊት ስፖኪዮ አይበቃም፤ አንገትን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል።

ማሠልጠኛ ስንመርጥ ታዲያ ምን እንይ? ዋጋውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። እኔ ግን መጀመሪያ ግቢውን አያለሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥቶ ለማቆም የማይበቃ ጠባብ ቦታ ላይ ድንገተኛ ማቆምን መማር አይቻልም። ቀጥሎ አንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ ይዞ መንገድ ላይ እንደሚወጣ እጠይቃለሁ፤ በእንግሊዝ መሠረታዊው ሥልጠና ላይ ሕጉ ከሁለት በላይ አይፈቅድም። አነዳዴን ሳያይ የፈተና ቀን ልቁረጥልህ የሚል ቦታ ደግሞ አያምረኝም። ጥሩ አሰልጣኝ ለምን እንደሚያስደርግህ ይነግርሃል። ፈተናው የሚካሄድባቸውን ጎዳናዎች ብቻ ደጋግሞ የሚያዞር ሰው የሚያስተምረው ጎዳናዎቹን ነው።

ለንደን ውስጥ ምግብ በማድረስ ለሚተዳደሩ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር። ከኢትዮጵያ የመጣ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ አይለወጥም። ብዙዎች የሚጀምሩት የአንድ ቀን መሠረታዊ ሥልጠና ወስደው ነው፤ ወረቀቱ 125 ሲሲ ስኩተር ላይ ለ2 ዓመት ያሠራል፣ ሰው ጭኖ መሄድና ፈጣን አውራ ጎዳና መግባት ግን አይፈቅድም። ያ ቀን የመንጃ ፈቃድ ፈተና አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚያስወጣው 2 ሰዓት ያህል ነው። በየሁለት ዓመቱ ያንኑ ከማደስ ሙሉውን ፈተና መውሰድ ይሻላል። በስኩተር የተፈተነ ሰው ግን መንጃ ፈቃዱ አውቶማቲክ ላይ ብቻ ይወሰናል፤ ማርሽ ያለው ሞተር ወደፊት የሚያስፈልገው ሰው በማርሽ ይፈተን።

ሥልጠና ሕይወት እንደሚያተርፍ በቁጥር ተረጋግጧል ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናቶችን በሚገመግመው በኮክሬን ድርጅት ስም የወጣ ግምገማ 23 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ የትኛው የሥልጠና ዓይነት አደጋን እንደሚቀንስ ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ጥናቶቹ በአብዛኛው ደካማ ነበሩ፤ ለመሠልጠን የሚሄደውም ሰው ከማይሄደው ከመነሻው የተለየ ሊሆን ይችላል። ስለ ሄልሜት የተደረገው ተመሳሳይ ግምገማ ግን አያወላዳም፤ አደጋ በደረሰበት ሰው ላይ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ሠልጥኛለሁ ብሎ ሄልሜቱን ቤት የሚተው ሰው የተረጋገጠውን ጥሎ ያልተረጋገጠውን ይዟል። እኔ ሥልጠናን አጥብቄ የምደግፈው ከ28 ሜትሩ ስሌት ተነስቼ ነው፤ ፍሬን አያያዝ ደግሞ ያለ ልምምድ አይመጣም።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት። አላመነኝም። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሄልሜት አድርጎ፣ መኪና የማይበዛበት አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ላይ ወጣን። ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ላይ ድንጋይ አኖርኩለት። መጀመሪያ እንደ ልማዱ የኋላውን ብቻ ረገጠ፤ ከድንጋዩ እስከቆመበት በእርምጃ 18 ሆነ። ከዚያ ዝግ ካለ ፍጥነት ጀምረን የፊቱን ለስለስ አድርጎ እየጨመረ መያዝን አለማመድኩት፤ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደብን። በመጨረሻ በመጀመሪያው ፍጥነቱ መጣና ሁለቱንም ያዘ። 11 እርምጃ። ከሞተሩ ወርዶ ራሱ እየተራመደ እንደገና ቆጠረው።