ከአጭር ምት ወደ ሙሉ ምት
የገና ዱላ፣ የጎልፍ ኳስና የፊዚክስ ሕግጋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ገደማ ከጅማ ወደ አጋሮ በመጓዝ ላይ ሳለሁ፣ የተሳፈርኩበት መኪና ጎማው ተንፍሶ መንገድ ዳር ቆመ። የቡናው ለቀማ ተገባዶ ጀንፈሉ በየአልጋው ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከመንገዱ ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው አንዲት ከእንጨት የተጠረበች ሩር ያሳድዳሉ። ይህ በአማርኛ የገና ጨዋታ፣ በኦሮምኛ ቂሌ በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ ጨዋታ ነው።

ከተጫዋቾቹ መካከል አንድ ጠንካራ ጎረምሳ ዱላውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በሙሉ ጉልበቱ ሰነዘረ። ዱላው አፈሩን ጫረ፤ ሩሯ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛ ሲሰነዝር ጠርዟን ብቻ ነካትና ወደ ጎን ተወርውራ የጓደኛውን ቅልጥም ፈነከተች። ጨዋታው ለአፍታ ቆመ። በዚህ ጊዜ ከዳር ሆነው ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ዱላውን ተቀብለው፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ከጉልበታቸው በማያልፍ አጭር ምት ሩሯን ቀጥ አድርገው ሰደዷት። አስመልሰው ደግሞ እስከ ወገብ ከፍ ባለ ምት መቷት። በሦስተኛው ዱላውን እስከ ትከሻቸው ወሰዱት፤ ሩሯ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ጎረምሳው በመገረም «ጋሼ፣ ምስጢሩ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «የሚመታው ዱላው ነው፤ አንተ መንገዱን አሳየው እንጂ አትታገለው» አሉት።

ጎማው ተቀይሮ ጉዞአችንን ስንቀጥል ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በጥቂት ቃላት የተነገረው ነገር በእኔ የሙያ መስክ በብዙ ገጽ የሚተነተን ነውና። ለመሆኑ ሙሉ ምትን አስተማማኝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጀማሪስ ለምን ከአጭሩ መጀመር ይኖርበታል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በፊዚክስ ዓይን መመልከት ነው።

በሺሕ ከሚከፈል ሰከንድ ውስጥ

ለዚህ የሚረዱንን አኀዞች የምንበደረው በስፋት ከተለካ አንድ ዘመድ ጨዋታ፣ ማለትም ከጎልፍ ነው። በጎልፍ ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ኳስ በረጅም ዱላ እየመታ፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ወደ ጉድጓድ ያስገባል። በደንቡ መሠረት የኳሷ መጠነ ቁስ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ የመሐል ስፋቷም ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም።

አንድ የሠለጠነ ተጫዋች በሙሉ ምት ሲመታ የዱላው ራስ በሰከንድ እስከ 50 ሜትር ይፈጥናል። 200 ግራም የሚሆነው የዱላ ራስ ኳሷን ሲያገኛት፣ በሞመንተም ጥበቃ ሕግና በሁለቱ አካላት የመንጠር ባሕርይ መሠረት ኳሷ በሰከንድ ወደ 74 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ትወነጨፋለች። ሁለቱ ተነካክተው የሚቆዩት ግን ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የሞመንተሙን ለውጥ ለዚህ አጭር ጊዜ ብናካፍለው አማካዩ ኃይል ወደ 6,800 ኒውተን ይደርሳል። ይህም እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አሥራ አንድ ጆንያ ቡናዎች ተደራርበው ከሚያሳርፉት ክብደት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ። ምቱ ተሰምቶን ዜናው ከእጃችን ወደ አእምሯችን እስኪደርስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ቢፈጅ እንኳ፣ ኳሷ ሰባት ሜትር ያህል ርቃ ሄዳለች። በመሆኑም በምቱ ቅጽበት የሚታረም ስሕተት የለም። የሚታረመው ከዚያ በፊት፣ በልምምድ ብቻ ነው።

አንዲት ዲግሪ የምታስከትለው ጥፋት

ለዶክትሬት ትምህርቴ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ አንድ የክፍል ባልደረባዬ ወደ ጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ወሰደኝ። አሠልጣኙ ለሁለት ሳምንት ኳሷን በሣር ላይ ከማንከባለልና ከጉልበት በማያልፍ ምት ከመምታት በቀር ሌላ አልፈቀደልኝም። እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። የመካኒክስን እኩልታዎች በወረቀት ላይ አሳምሬ የምፈታ ሰው ኳስ ሳንከባልል ልዋል? አሠልጣኙ በሌለበት ሰዓት እየሄድኩ በሙሉ ጉልበቴ መምታት ጀመርኩ። ውጤቱም እንደዚያ ጎረምሳ ሆነ። ኳሷ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ አልፎ አልፎም ጭራሽ አላገኛትም። በወሩ መጨረሻ ወገቤን ታምሜ ለቀናት ወንበር ላይ መቀመጥ ተሳነኝ። ወረቀት አውጥቼ ያሰላሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ባሰላው ኖሮ ወገቤም ክብሬም በተረፉ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። የዱላው ፊት ከዒላማው አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍና ኳሷም ያንኑ አቅጣጫ ብትከተል፣ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ የምትስተው በ3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ትገባለች። በአምስት ሜትር ላይ ስሕተቱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አትገባም። በ50 ሜትር ላይ 87 ሴንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር ላይ ደግሞ 3.5 ሜትር ይደርሳል። ይህም ኳሷ በአየር ላይ እየሾረች የምታደርገውን መታጠፍ ሳንጨምር ነው። ስሕተቷ ያችው አንዲት ዲግሪ ናት፤ ያደገው ርቀቱ ብቻ ነው።

በተጨማሪም በሙሉ ምት የዱላው ራስ ወደ ኋላና ወደ ፊት ብዙ ሜትሮች የሚረዝም ቅስት ተጉዞ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይስት ወደ ኳሷ መመለስ አለበት። ጉልበታችን በመሐል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢታጠፍ አፈር እንመታለን፤ ያን ያህል ብንቃና ደግሞ የኳሷን ጫፍ እንመታለን። አጭር ምት ግን ቅስቱ አጭር ስለሆነ ለስሕተት የሚሰጠው ዕድል ጥቂት ነው፤ የተሳሳተውም ምን እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

«የሚመታው ዱላው ነው»

ወደ አዛውንቱ አባባል እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. አላስተር ኮክራንና ጆን ስቶብስ በብሪታንያ ስለ ጎልፍ ምት የተካሄደ ሰፊ ምርምር በመጽሐፍ አቅርበው ነበር። በዚህ ሥራ ምቱ በሁለት የተያያዙ ፔንዱለሞች ተመስሎ ተገልጿል። የመጀመሪያው ፔንዱለም ከትከሻ የሚንጠለጠለው ክንድ ነው፤ ሁለተኛው ከእጅ አንጓ የሚንጠለጠለው ዱላ ነው።

ምቱ ወደ ታች ሲጀምር ክንዱና ዱላው ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ ማዕዘን ይሠራሉ። ክንዱ እየፈጠነ ሲሄድ ዱላው በራሱ ግዑዝነት ወደ ውጭ መዘርጋት ይፈልጋል። በመጨረሻም ማዕዘኑ ይከፈትና ክንዱ ሲዘገይ ዱላው ይፈጥናል፤ የክንዱ ኢነርጂ ወደ ዱላው ራስ ይሻገራል ማለት ነው። ይህን በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እጁ ቆም ሲል የጅራፉ ጫፍ ይምዘገዘጋል፤ የሚሰማውም ጩኸት ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በማለፉ የሚፈጠር ነው።

ጀማሪ ግን ኃይል የሚጨምር መስሎት የእጅ አንጓውን ገና ከላይ ይፈታዋል። በዚህም ምክንያት ዱላው ከፍተኛውን ፍጥነት የሚያገኘው ኳሷ ጋ ሳይደርስ ይሆናል። እንግዲያው «አትታገለው» ማለት ጊዜውን ጠብቀህ ልቀቀው ማለት ነው።

አእምሮ ምትን እንዴት ይማራል?

በሙሉ ምት ዱላው ከላይ ተነሥቶ ኳሷ ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። ሰው አንድን ነገር አይቶ ምላሽ ለመስጠት አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዴ የተጀመረን ምት በመሐል ማቃናት ፈጽሞ የማይቻል ያህል ነው። አእምሮ ሙሉውን ትእዛዝ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መላክ አለበት።

ይህ ዝግጅት እንዴት ይገኛል? ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሞስኮ መሮን በመዶሻ የሚመቱ የሠለጠኑ ሠራተኞችን እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ አጥንቶ ነበር። የመዶሻው ጫፍ መንገድ ከምት ምት ብዙም አይለያይም፤ የትከሻ፣ የክርንና የአንጓ እንቅስቃሴ ግን በየምቱ ይለያያል። ማለትም የሠለጠነ ሰው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አንድ ዓይነት አያደርግም፤ የአንዱን ጉድለት በሌላው እያካካሰ ውጤቱን አንድ ዓይነት ያደርጋል። ጀማሪ ደግሞ የሚቆጣጠራቸው መገጣጠሚያዎች ስለሚበዙበት አንዳንዶቹን አጠንክሮ ይይዛል፤ ሲለምድ አንድ በአንድ ይፈታቸዋል። አጭር ምት ይህንኑ የተፈጥሮ ሂደት በሥርዓት የምንመራበት ዘዴ ነው።

ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሙሉ ምት በሁሉም ረገድ የአጭሩ ምት ትልቅ ቅጂ አይደለም። በክብ መንገድ የሚሽከረከር አካል የሚጠይቀው ወደ መሐል የሚስብ ኃይል፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ አራት እጥፍ ይሆናል። 200 ግራም የሆነ የዱላ ራስ 1.7 ሜትር በሚሆን ራዲየስ በሰከንድ 50 ሜትር ሲጓዝ 300 ኒውተን ገደማ በሆነ ኃይል ይጎትተናል፤ ይህም የግማሽ ጆንያ ቡና ክብደት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ ግን ጉተታው ወደ 75 ኒውተን ይወርዳል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን በአጭር ምት ብቻ የተለማመደ ሰው ይህን ጉተታ መቋቋም አይማርም። ከአጭሩ መጀመር ያስፈልጋል፤ እዚያው መቅረት ግን አይገባም።

አራቱ ደረጃዎች

ይህን በጎልፍ ዱላም ሆነ በገና ዱላ መሞከር ለሚፈልግ ተማሪ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዱላውን ከጉልበት እስከ ጉልበት ብቻ ማወዛወዝ። የእጅ አንጓ አይታጠፍም። አምስት ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ድንጋዮች አንድ እርምጃ አራርቆ ማስቀመጥና ኳሷን በመካከላቸው ማሳለፍ።

ሁለተኛ፣ ከወገብ እስከ ወገብ። እዚህ ላይ ትከሻ ከክንድ ጋር አብሮ ይዞራል። ርቀቱ እስከ ሃያ ሜትር ያድጋል፤ የድንጋዮቹም ክፍተት በዚያው መጠን ይሰፋል።

ሦስተኛ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ። የእጅ አንጓ እንዲታጠፍ የሚፈቀደው አሁን ነው። ሁለተኛው ፔንዱለም ሥራ የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

አራተኛ፣ ሙሉ ምት። ጀርባ ወደ ዒላማው እስኪዞር ወደ ኋላ መዞር፤ ሲመቱም የሰውነትን ክብደት ወደ ፊተኛው እግር ማሻገር። ያለንን ጉልበት ሁሉ ሳይሆን ሚዛናችንን ጠብቀን ለመጨረስ የሚያስችለንን ያህል ብቻ መጠቀም።

ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ከአሥር ምት ስምንቱ ዒላማቸውን ማግኘታቸው ነው። ያልተሳካለት ሰው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ከመምታት በፊት ዙሪያን መመልከት፣ ፊት ለፊትም ሆነ በዱላው ዙሪያ ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ደንብ ነው። የዚያ ወጣት ቅልጥም የተፈነከተው ይህ በመዘንጋቱ ነው።

ጨረቃ ላይ የተመታችው ኳስ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971 ዓ.ም. የአፖሎ 14 ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድ የጎልፍ ዱላ ራስ በናሙና መሰብሰቢያ መሣሪያ እጀታ ላይ ገጥሞ ጨረቃ ላይ ሁለት ኳሶች መትቶ ነበር። ልብሱ ስለሚገድበው የመታው በአንድ እጁ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ሙከራውም ከኳሷ ይልቅ አፈሩን መታ። በጨረቃ ላይ ስበቱ የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ የሚያግድ አየርም የለም። ኳሷ ብዙ ርቀት እንደሄደች በቀልድ ቢናገርም፣ ከአምሳ ዓመት በኋላ ፎቶግራፎቹ በአዲስ ዘዴ ሲመረመሩ የመጀመሪያዋ 22 ሜትር፣ ሁለተኛዋ 37 ሜትር ያህል ብቻ መጓዟ ታወቀ። ትከሻ ካልዞረ፣ ሁለቱ ፔንዱለሞች በቅደም ተከተል ካልሠሩ፣ የጨረቃ ስበት እንኳ አያድንም።

ውድ አንባብያን፣ በክፍል ውስጥ አስቸጋሪውን ጥያቄ በቀጥታ ለመፍታት ተጣድፎ ቀላሉን የናቀ ተማሪ ባየሁ ቁጥር ያ የታመመ ወገቤ ትዝ ይለኛል። በዚያ የአጋሮ መንገድ ዳር መኪናው ሲነሣ በመስኮት ዞር ብዬ ተመልክቼ ነበር። ጎረምሳው ከጨዋታው ወጥቶ፣ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ፣ ከጉልበቱ በማያልፍ ምት ሩሯን ሲሰድ፣ ሄዶ ሲያመጣና እንደገና ሲሰድ ነበር።