ከቧንቧው በፊት ምንጩን

እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎቹ ከተመረቁ ጥቂት ዓመት ሳይቈዩ የፕሮጀክት ኃላፊ መባላቸው አይቀርም። ያን ጊዜ በጀትና ቀጠሮ መጠበቅ ብቻ ሙያ መስሎ እንዳይታየን፣ ከሐረር በስተደቡብ ካለው ሐኪም ጋራ ላይ ወጥተን ከተማዪቱን ቁልቁል እንመልከት።

ጁገል ጥንት ከዚሁ ጋራ በሚፈልቁ ምንጮች ትጠቀም ነበር። ከተማዪቱ ስትሰፋ ውኃው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሐረማያ ሐይቅ በቧንቧ መጣ። ሐይቁ ግን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከተሜው ይቀዳል፤ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስባል፤ ጎርፉም ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ያግዛል። ከዚያ ወዲህ ውኃው 700 ሜትር ያህል ዝቅ ካለው ከድሬዳዋ በኩል፣ ከጉድጓድ እየወጣ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋ ጀመር። መብራት ሲጠፋ ውኃውም ይቆማል ማለት ነው።

እንግዲህ አዲስ ኃላፊ የመጀመሪያ ወሩን በጽሕፈት ቤት እንዳይጨርሰው እንመክራለን። በእግሩ እስከ ምንጩ ይሂድ፤ ገበሬውን «በቀን ስንት ሰዓት ትስባለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በደብተር ይጻፍ። (ሐረር ተመድቦ ኦሮምኛ የማይማር ሰው ዲግሪው ግማሽ ነው ብንል አንሳሳትም።) መሐንዲሱ ቁጥሩን ሲያቀርብለት፣ ከመፈረሙ በፊት «ዝናቡ ሁለት ዓመት ቢቀርስ?» ማለትን ይልመድ። ሪባኑ ከተቈረጠ በኋላም በበጋ ተመልሶ ቦኖውን ከፍቶ ይመልከት።